ሰኔ ሳይገባ ቦረቦሩን እንያዘው፦ ከእንጦጦ ግርጌ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈራችን አንድ ቦረቦር አለ። ድሮ ልጆች የሚዘሉት ቦይ ነበር። አሁን አዋቂም አይዘለው። በየክረምቱ ጠርዙ እየተናደ ወደ አጥራችን ይጠጋል።

አምና ጆንያ በአፈር ሞልተን ከታች ዘጋነው። ሦስት ቅዳሜ ለፋን። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ጎርፉ መጣና ጆንያዎቹን ሳይነካ በጎናቸው ዞሮ የሰው አጥር ይዞ ሄደ። ጥፋቱ የራሳችን ነው። ባለሙያ አልጠየቅንም።

ዘንድሮ ጠየቅን። «ከላይ ጀምሩ» ተባልን። ላይ ማለት ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለከተማዋ ማገዶ ሆኗል፤ ውለታውን አንክድም። ግን ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልም ለምጣድ ተጠርጎ ይሄዳል። ባዶ መሬት ላይ የወረደ ዝናብ ሳይሰርግ ይንደረደራል። ቅጠል ጠራጊ እናቶችን የሚወቅስ ካለ ግን እንጀራው የሚጋገረው ለእኛው መሆኑን ያስብ። ጎርፉ ከየት እንደሚነሳ ያሳዩንም እነሱ ናቸው።

ላይኛው ላይ እርከንና ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ሐምሌ ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ እንተክላለን። ይሄ በጉልበት ያልቃል። ገንዘብ የሚበላው ቦረቦሩ ውስጥ የሚሠራው የጋቢዮን ክትር ነው። ጋቢዮን ማለት ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን ነው። አንዱ ሳጥን ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 1፣ 1 ሜትር ነው፤ 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይውጣል። ለሦስት ክትር 12 ሳጥን ያስፈልገናል። 24 ሜትር ኩብ ድንጋይ መሆኑ ነው። የክትሩ ጫፎች በግራና በቀኝ የቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ተቆፍረው ይገባሉ፤ ውሃው በጎን ሳይዞር በመሐል እንዲያልፍ ደግሞ የክትሩ መሐል ዝቅ ይላል። አምና ያላወቅነው ይሄንን ነው።

ታች ያላችሁ ወገኖች፣ «የእነሱ ቦረቦር ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ከእኛ የተጠረገው አፈር በቀበና ወንዝ በደጃችሁ ያልፋል። ከትልቁ አቃቂ ይቀላቀልና አባ ሳሙኤል ገብቶ ይተኛል። ያንን ግድብ ደለል ምን እንዳደረገው ያየ ያውቃል። ድልድያችሁ ሥር የሚከመረው ጭቃም የእኛ ጓሮ ነው።

ስለዚህ እጃችሁን ዘርጉልን። የጋቢዮን ሽቦ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ከግንባታ የተረፈ ድንጋይ፣ ሁሉም ይጠቅመናል። ሲኖ ያለው ሰው አንድ ቢያጆ ድንጋይ ቢያመላልስልን ትልቅ ነገር ነው። 50 ብርም አትናቁ። ገንዘቡ በእድሩ ሂሳብ ነው የሚገባው፤ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፤ ወጪው በየሳምንቱ እድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፋል።

ቁፋሮው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ይጀመራል። ቡናና ቆሎ ከእኛ። ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አምና የስንቱ እጅ ተልጧል።