ያ መስመር ግምት አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ካወጣችሁት ጽሑፍ ጎን እንደ መጋዝ ጥርስ እየተሸረካከተ ሽቅብ የሚወጣ መስመር አትማችሁ ነበር። ከሥሩ «በኮምፒውተር የተሠራ ግምት» ይላል። ስህተት ነው። ያ መስመር ከተራራ ላይ እየተቀዳ በተለካ አየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መጠን ነው። የለካውም ሰው ስም አለው፤ ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ይባላል።

ይህን ያህል የምቆረቆረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት በመንዝ ዝናብ ለክቻለሁ። ዘወትር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያውን ከፍቼ ያደረውን ውሃ ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ እገለብጣለሁ፤ በርከክ ብዬ በዓይኔ ልክ አነብና ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ጎረቤቶቼ እግዜር የሰጠውን ይቆጥራል እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በኪሊንግም ሳይስቁበት አልቀሩም። ሙያው ኬሚስትሪ ነው። በ1950ዎቹ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በካሊፎርኒያ ዱር እያደረ፣ ሌሊት ከመኝታው እየተነሳ የመስታወት ዕቃ ከፍቶ አየር ይሞላ ነበር። የመጀመሪያውን መለኪያ የሠራው በገዛ እጁ ነው። ከዚያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ወሰደውና በመጋቢት 1958 በሃዋይ፣ በማውና ሎዋ ተራራ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ልኬቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ቁጥር 313 ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 313ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው።

መሣሪያው ጋዙ ምን ያህል ኢንፍራሬድ ጨረር (በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር) እንደዋጠ አይቶ መጠኑን ይናገራል። እኔን የሚደንቀኝ ግን የሰውየው ጥርጣሬ ነው። መጠኑ የታወቀ ጋዝ በሲሊንደር አስቀምጦ ማሽኑን ዘወትር ከእሱ ጋር ያመሳክራል። የገዛ ሚዛኑን የማያምን ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የመጋዙን ጥርስ ምስጢር ያገኘውም እንዲህ ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል በጋ (የእኛ ክረምት መሆኑ ነው) ዕፅዋት ሲለመልሙ ጋዙን ስለሚስቡ መስመሩ ይወርዳል፤ ቅጠል ሲረግፍና ሲበሰብስ ደግሞ ይወጣል። ይህ በየዓመቱ ይመላለሳል። ነገር ግን የዘንድሮው ጥርስ ከአምናው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ይህን ለማየት ዓመት ከዓመት ሳያቋርጡ መለካት ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ሰጪዎቹ ግን ይህ የዘወትር ልኬት እንጂ ምርምር አይደለም እያሉ ለዓመታት ይሟገቱት ነበር። በ1964 በጀት ተቆርጦ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋረጠ። መዝገቡ ላይ ያ ክፍተት ዛሬም ክፍተት ተብሎ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናዘዝ። በ1986 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ነሐሴ ላይ ለቅሶ ሄጄ ሦስት ቀን ቀረሁ። ስመለስ መለኪያው ውስጥ 41 ሚሊ ሜትር አገኘሁ። የሦስት ቀን ጥርቅም መሆኑን ገልጬ አንድ ላይ መጻፍ ሲገባኝ፣ አፈርኩና 12፣ 19፣ 10 ብዬ ለሦስቱ ቀናት አከፋፈልሁት። ደብተሩን የሚሰበስበው ሰው ምንም አልጠረጠረም፤ እንዲያውም የእጅ ጽሑፌን አመሰገነ። ያንን ገጽ ቀድጄ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከእጄ ከወጣ ቆየ።

ኪሊንግ በ2002 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በ2005 ሲያርፍ ቁጥሩ 380 አካባቢ ደርሶ ነበር። ሥራውን ልጁ ራልፍ ቀጠለ። በኅዳር 2022 እሳተ ገሞራው ማውና ሎዋ ፈንድቶ መንገዱና መብራቱ ሲቋረጥ ልኬቱን ለጊዜው ወደ ጎረቤቱ ተራራ ማውና ኬያ አዛወሩት። ዛሬ ቁጥሩ 420ን አልፏል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዕትም ማረሚያ አውጡልኝ። «ግምት» የሚለው «ልኬት» ይባል፤ የኪሊንግም ስም ከመስመሩ ሥር ይግባ።

የቀድሞ ዝናብ ለኪ፣ ከመንዝ