የጾም ቅንጬ ገንፎ እንዳይሆን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በምግብ ዓምዳችሁ የወጣው የጾም ቅንጬ አሠራር ውኃው በዝቷል። ለ1 ብርጭቆ የስንዴ ቅንጬ 4 ብርጭቆ ውኃ ከገባ የሚወጣው አጥሚት ነው፤ 2 ብርጭቆ ተኩል ይበቃል። የአጃ ከሆነ 3 ቢደርስ አይከፋም።

ከውኃው ይልቅ የሚያበላሸው ግን ብናኙ ነው። ስንዴው ሲከካ የወጣው ዱቄት በወንፊት ካልተነፋ ሲፈላ እንደ ሙጫ ያያይዘዋል። ከተነፋ በኋላ ተለቅሞ፣ በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪያውድ 5 ደቂቃ ያህል ይታመስ። ከዚያ ጨው ባለበት በፈላ ውኃ ውስጥ ይጨመር። ክዳኑ ተገጥሞ በመጠነኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይብሰል፤ አሁንም አሁንም ማማሰል ፍሬውን ያፈርሰዋል፣ አንዴ ሁለቴ ካገላበጡት ይበቃል። ከወረደም በኋላ 10 ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ።

«ቅቤ ከሌለው አይጣፍጥም» የሚለው ነገር አይዋጥልንም። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለስላሳ እሳት ላይ ከተወቀጠ ኮረሪማና ከነጭ አዝሙድ ጋር ይሙቅ፤ ኮሰረቱ መጨረሻ ላይ ቆንጠር ተደርጎ ይግባ፣ ካረረ ይመራልና። ተጠልሎ ትኩሱ ቅንጬ ላይ ይፍሰስ።

የምግብ ዝግጅት ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ