በሙት ዓመት ዓምዳችሁ ላይ ፉከራ ለምን በዛ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በእርስ በርሱ ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች በሙት ዓመታቸው የሚታተሙትን የመታሰቢያ ግጥሞች ለተከታተለ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም። ሐዘኑ የቤተሰቡ ነው፣ ግጥሙ ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ‹‹አንበሳው››፣ ‹‹ነበልባሉ››፣ ‹‹ጠላት አርበድባጁ›› የሚለው ስሙና ፎቶግራፉ ብቻ ተቀይሮ ለሌላውም ይለጠፋል። ጥፋቱ የችሎታ አይመስለኝም። ሙሾ በሚቀመጥበት ቦታ ፉከራ እየገባ ነው።

ፉከራ በሕይወት ያለ ሰው መሣሪያውን ይዞ፣ ‹‹ዘራፍ!›› ብሎ ስለ ራሱ የሚናገረው ነው። ሟች አይፎክርም፤ ሌላ ሰው ሲፎክርለት ንግግሩ ባለቤት ያጣል። ሙሾ የቀሪ ሰው ቃል ነው። አልቃሿ ሁለት ስንኝ ትጥላለች፣ ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ይቀበላታል፣ ሌላዋ ደግሞ ሌላ ሁለት ትጨምራለች። በዚህ የተነሳ እያንዳንዱ ጥንድ ስንኝ ብቻውን ሙሉ ነገር መናገር አለበት። ለጋዜጣ አራት ስንኝ ይበቃል። ሃያ ስንኝ የሚጽፍ ሰው ከስድስተኛው በኋላ የሚሞላው በቅጽል ነው።

ፉከራ ደግሞ ጠላት ይፈልጋል። የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሲደርስ ችግሩ እዚህ ነው። ሕዝባችን ይህን ከማንም በፊት ጨርሶታል፦

የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ፤
ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ አልወጣ።

ዘጠኝ ቃል ነው። የሚያሞግስ ቅጽል የለበትም፣ የጦር ሜዳ ስም የለበትም፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነም አይናገርም። ልኩ የወል ቤት የሚባለው ነው፦ በየሐረጉ፣ ማለትም በየግማሽ ስንኙ 6 ቀለም (ድምፅ)፣ በየስንኙ 12። ቆጠራው በድምፅ እንጂ በፊደል አይደለም። ‹‹የገደለው ባልሽ›› ሲነበብ የ፣ ገ፣ ደ፣ ለው፣ ባ፣ ልሽ ይሆናል፤ ፊደሉ 8 ነው፣ ድምፁ 6። አናባቢ የሌለው ሳድስ ከፊተኛው ጋር ስለሚዋጥ ፊደል ቆጥሮ የሚገጥም ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ ሲነበብም ግጥሙ ያነክሳል።

ቤት መምቻውን፣ ማለትም መጨረሻ ላይ የሚገጥመውን ድምፅ ደግሞ ተመልከቱ። በመታሰቢያ ግጥሞች እጅግ የተለመደው ድክመት በቅጥያ መግጠም ነው፦ ‹‹ጀግናችን፣ መከታችን፣ አለኝታችን››። ‹ችን› ከየትኛውም ስም ጋር ስለሚገጥም ጆሮ አይጠብቀውም፣ ሲመጣም አይደነቅም። ‹‹ባልሽ›› እና ‹‹ወንድምሽ››ም በ‹ሽ› ቅጥያ ነው የገጠሙት፤ እዚህ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው ‹ሽ› ላይ ነው። ገዳዩም ያንቺ፣ ሟቹም ያንቺ። ቅጥያ ቤት የሚመታው እንዲህ ትርጉም ሲሸከም ነው። ካልተሸከመ ከቃሉ ሥር መግጠም ይሻላል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በተለመደው መንገድ የተጻፈ፦

አንበሳው ጀግናችን፣ ጠላት የሚፈራው፤
እንደ ብረት ጽኑ፣ ስሙ የሚያበራው።

ልኩ አልጎደለም፣ ቤቱም ይመታል። ሟቹ ግን የለበትም። በዚያው ልክ የእናት ቃል ሲሆን፦

ቅዳሜ ደውሎ፣ ሰላም ነኝ ያለኝ ልጅ፤
መርዶው ተሰለፈ፣ እሑድ ጠዋት ከደጅ።

ይህን ለመጻፍ ቤተሰቡን መጠየቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው መቼ ነው? ምን አለ? ቤት ውስጥ ምን ዕቃ ትቶ ሄደ? አስከሬን ላልመጣለትና የወደቀበት ቦታ ላልታወቀ ወታደር ይህ የግድ ነው። በለቅሶው ላይ ልብሱና ፎቶግራፉ በአስከሬኑ ፋንታ እንደሚቀመጡ ሁሉ፣ በግጥሙም የሚታወቀው ነገር ይቀመጥ። ያልታየ አሟሟት መፍጠር አይገባም፤ አብሮት የነበረ ጓዱ አንድ ቀን መጥቶ ሌላ ሊናገር ይችላል።

ተናጋሪውም አንድ ይሁን። ቤተሰቡ በሙሉ ስለሚፈርም በመጀመሪያው ጥንድ ‹‹ልጄ››፣ በሁለተኛው ‹‹ወንድሜ››፣ በሦስተኛው ‹‹አባቴ›› የሚባል ግጥም ይመጣል፤ አንባቢ ሦስት ሰው የሞተ ይመስለዋል። እናት ትናገር፣ የቀረው ስም ከግርጌ ይሰለፍ።

ግጥሙን ከማስረከብ በፊት ላላየው ሰው ሰጥቶ ጮክ ብሎ ማስነበብ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ‹‹ይመታል›› ላልቶ ሲነበብ የሚመታው እሱ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የሚመታው እሱን ነው። ስለ ወታደር በተጻፈ ስንኝ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። አንባቢው ከተደናቀፈ ቃሉ ይቀየር።

በሐውልት ላይ ለሚቀረጽ ግጥም ጥንቃቄው ይጨምራል። ሁለት ስንኝ ይበቃል። ስሙ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ ሠ እና ሰ፣ ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ኀ በቀራጩ ምርጫ ሲለዋወጡ በወረቀት ላይ የሌለ ሰው ይፈጠራል። ዘመኑም አንድ ይሁን። በየካቲት 1990 የተወለደ በጥቅምት 2013 ሲወድቅ 22 ዓመቱ ነው። ልደቱን ውጭ አገር ያለ ዘመድ በፈረንጅ አቆጣጠር 1998 ብሎ ከላከና ሞቱ 2013 ከተጻፈ ድንጋዩ የ15 ዓመት ልጅ ነው የሚለው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ 8 ነው።

በጦርነቱ ወቅት ተቃራኒው ወገን የተጠራባቸው የፖለቲካ ስያሜዎችም ከድንጋይ ይራቁ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲፈረም መግለጫዎች ቃላቸውን ለወጡ፤ የተቀረጸ ሐውልት ግን አይታረምም።

ከዝግጅት ክፍሉ የሚጠበቀው አንድ ሥራ አለ። ዓምዳችሁ ጠባብ ስለሆነ የ12 ቀለም ስንኝ አይችልም፤ ማሽኑ ቦታ ሲያልቅበት ይቆርጠዋል፣ ቤት መምቻው ሌላ መስመር ላይ ብቻውን ይወድቃል። ስንኙ ካልገባ ሐረጉ ላይ፣ ማለትም ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ስበሩት፤ ሁለቱ ስንኝ አራት መስመር ይሆናል። በሁለቱም ጠርዝ ማስተካከል ደግሞ በቃላት መካከል ክፍተት ስለሚፈጥር ግጥሙን በግራ ጠርዝ ብቻ አሰልፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ