ስኳሩን ከምግብሽ እንጂ ከቤትሽ አታውጪው

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ለስኳር በሽታሽ ብለሽ ቡናውን ያለ ስኳር መጠጣት እንደጀመርሽ እህቴ ስትነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከአቦል እስከ በረካ፣ ጠዋትና ማታ፣ በየሲኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ታደርጊ ነበር። ሲደመር በቀን 12 ማንኪያ፣ ወደ 50 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳ ከ25 ግራም ባይበልጥ ይሻላል ይላል፤ ማሩም ለስላሳውም ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ ቀላል ነገር አላደረግሽም። መራራው ከከበደሽ ጤና አዳም ጣል አድርጊበት። ጨው ግን ይቅርብሽ፣ ግፊትም አለብሽ።

«ማር መድኃኒት ነው» ብለው ሻይሽ ላይ እንድትጨምሪ መክረውሻል አሉ። ለደግ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማርም ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው። ጁስም እንደዚያው። ብርቱካኑን ልጠሽ ብዪው፤ አሰሩ ስኳሩን ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርገዋል። ሲጨመቅ አሰሩ ይቀርና ስኳሩ ብቻውን ይሮጣል።

እንጀራ ተዪ አልልሽም። እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨመር አድርጊ። ዳቦና መኮሮኒ ላይም እንዲሁ ጠንቀቅ በይ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ቤት የነበረውን ስኳር ጠርገሽ ለጎረቤት ሰጠሽ አሉ። እባክሽ እማዬ፣ በትንሽ ጣሳ መልሰሽ አስቀምጪ። የምትውጪው ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን እየገፋ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያስወጣ ክኒን ነው። በላሽም አልበላሽም ሥራውን ይሠራል። ምግብ ሲዘገይብሽ የደምሽ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ላብ ያጠምቅሻል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታብሻል። ባለፈው ከቅዳሴ ስትመለሺ በር ላይ ተንገዳግደሽ «ድካም ነው» ያልሽው ነገር እኔን አላሳመነኝም።

እንደዚያ ሲያደርግሽ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ። 15 ደቂቃ ቆይተሽ ተለኪ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሚ፤ ከተስተካከለ በኋላ ምግብ ቅመሺ። አብራሽ ላለችው ልጅም ንገሪያት፦ ራስሽን ከሳትሽ አፍሽ ውስጥ ምንም እንዳትጨምር፣ ቶሎ ሐኪም ቤት እንድታደርስሽ።

ፍልሰታ ደግሞ እየመጣ ነው። ጾሙን እንደማትለቂው አውቃለሁ። ግን ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል አደገኛ ነው። ሳይገባ ሐኪምሽንም የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። ስኳር ከቀነስሽ ወዲህ የክኒኑም መጠን መታየት አለበት፣ ራስሽ ግን አትቀንሺው፣ አታቋርጪውም።

የጠዋት ልኬትሽን በደብተር እየጻፍሽ ለቀጠሮሽ ይዘሽ ሂጂ። ቁጥሩ ከፍ ቢልም እንዳትደብቂኝ፣ አልቆጣሽም። የመለኪያውን ስትሪፕ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ