ዓርብ ሳይደርስ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ስለጠፋሁ ይቅርታ። ስልክሽን አወጣና መልሼ እተወዋለሁ። እኛ ደህና ነን። አራዳ ያች ሻይ ቤታችን ተዘግታለች።

የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። ናይሮቢ ያለ አንድ የውጭ ዜና ተቋም ሊቀጥረኝ ነው። የቀጠናውን ንግድና ዲፕሎማሲ የሚዘግብ ሰው ይፈልጋሉ። ተይ አትሳቂ! «አንተ ከአዘዞ ማዶ አትሻገርም» ያልሽውን አልረሳሁም።

ለናሙና አንድ ዘገባ ጠየቁኝ። ስለ ሰሊጥ ጻፍኩ። ሰሊጡ የሚታጨደው መተማ ነው፤ ዋጋው ግን ቻይና ያለው ገዢ በሚሰጠው ዶላር ይቆረጣል። ትዝ ይልሻል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሁሉም ስለ አይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሲጽፍ እኔ መዝገቡን የሚያሳየኝ ነጋዴ ፍለጋ ዞርኩ።

አገኘሁ። ማን እንደሆኑ ላንቺም አልነግርሽም፣ አትጠይቂኝ። ከለውጡ በፊት ሰሊጡን ከገዙበት ዋጋ በታች ለውጭ ይሸጡ ነበር። ዶላሩን ለማግኘት ብለው ነው። ኪሳራውን በዚያው ዶላር በሚያስመጡት ዕቃ ላይ ያወጡታል። ብዙ ላኪ እንዲያ ያደርግ እንደነበር እናውቃለን። እኚህ ግን መዝገባቸውን ገልጠው በየገጹ አሳዩኝ። ለካ የሰሊጡን ኪሳራ የምንከፍለው እኛ ኖረናል፣ ዕቃውን ስንገዛ! እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም። «ስሜን ብቻ እንዳታነሳ ልጄ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

አዘጋጁ ግን ስም ይፈልጋል። ስም ከሌለ አይወጣም፤ ካልወጣ ሥራውም ቀረ ማለት ነው። እስከ ዓርብ ወስን ብሎኛል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ አስባለሁ፣ ደሞ የሽማግሌውን እጅ አስባለሁ። መዝገቡን ሲገልጡ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እና ደግሞ... እንዴት እንደምለው እንጃ። ያን ቀን ስብሰባው ላይ «ስም አልሰጥም» ብለሽ ደብተርሽን ዘግተሽ ስትወጪ፣ እኔ ጠረጴዛውን እያየሁ ቀረሁ። አብሬሽ መነሳት ነበረብኝ። ምንጩ የሁለታችንም ነበር። አንቺ እንጀራሽን አጣሽ፣ እኔ ዕድገት አገኘሁ። አንድም ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም። መደወል ያቃተኝ ለዚህ ነው። ይቅር በይኝ።

የሰውየውን ስም አልሰጥም። ይህን ስጽፍልሽ ነው የቆረጠልኝ። ግን ሥራውንም እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽሽም። መዝገቡን አዘጋጁ ራሱ አይቶ፣ ስሙ ሳይወጣ የሚያምንበት መንገድ ካለ አንቺ አታጪውም። ዘገባውን አብሬ ልኬልሻለሁ። መግቢያው አልጣመኝም፣ እንደ ድሮው በቀይ ሰርዢው።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። እባክሽ አንሺው።

ያው ወንድምሽ፣
ከጎንደር