ኖታ በጣቴ እንዳነብ ላደረጋችሁኝ ሁሉ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች! ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር ያዘጋጀነው የሙዚቃ ምሽት በሰላም አልቋል። ስልኬ ግን እስካሁን አላረፈም። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላቃተኝ ምስጋናዬን እዚሁ ልጻፈው፣ ከረዘመ ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ «ይሄን ሁሉ በጆሮህ ነው የያዝከው?» ብላችሁኛል። አይደለም። ዐይነ ስውር ሙዚቀኛ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጆሮው ነው። ጆሮዬን አልንቅም፣ ክራሩንም ኪቦርዱንም የጀመርኩት በእሱ ነው። ግን ሰምቼ የምይዘው ሌላ ሰው የተጫወተውን ነው፣ የሰውየው አመል ሁሉ አብሮ ይገባል። የቅዳሜውን የፒያኖ ሥራ ማንም ሲጫወተው አልሰማሁም። በብሬል፣ በጣት በሚዳሰሰው የነጥብ ጽሑፍ፣ የተጻፈውን ኖታ ከወረቀት ላይ በጣቴ አንብቤ ነው ያጠናሁት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፣ ምስጋናውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ እህቴ። ኖታ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። «አምስት መስመር አለ፣ ከታች ሁለተኛው ላይ ጥቁር እንቁላል ተቀምጧል፣ ዘንግ አለው» እያለች ነው የጀመረችልኝ። እኔ ደግሞ ስሌቴን፣ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳዬን፣ ይዤ በስታይለስ፣ በመውጊያው፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋሁ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጬ ከግራ ወደ ቀኝ አነባለሁ። ኋላ ላይ እንቁላሉ ቀረና «ሶል፣ አንድ ምት» ማለት ጀመረች። አሁንማ ስሳሳት ከኩሽና ሆና ታርመኛለች። እህቴ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

የኪቦርድ አስተማሪዬ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ዐይናማ ሆነው የብሬል ኖታ ለእኔ ብለው ተምረዋል። ከዓመታት በፊት አንድ ማሠልጠኛ «ኖታውን በምን ልታነበው ነው?» ብሎ መልሶኝ ነበር፣ ስሙ ይቅር። እርስዎ ያንኑ ጥያቄ ሰምተው መልሱን ፈልገው መጡ።

ለማታውቁት አሠራሩን ትንሽ ልንገራችሁ፣ እኔ ስወደው ለጉድ ነው። እያንዳንዱ የብሬል ፊደል ስድስት የነጥብ ቦታ አለው። ላይኞቹ አራቱ ድምፁን ይናገራሉ፣ ታችኞቹ ሁለቱ፣ ሦስተኛዋና ስድስተኛዋ፣ ርዝመቱን። በእንግሊዝኛው ብሬል ዲ የሚባለው ፊደል ዶ ነው፣ ኢ ሬ፣ ኤፍ ሚ፣ ኤች ሶል፣ አይ ላ። አምስቱን ደርድሯቸው፣ የሜጀር ትዝታ ቅኝት! እንዲሁ ሲጻፉ ግማሽ ግማሽ ምት ናቸው። ስድስተኛዋ ነጥብ ስትጨመር አንድ ምት ይሆናሉ፣ ሦስተኛዋ ስትጨመር ሁለት፣ ሁለቱም ሲገቡ አራት። ያው የአራት ምት ምልክት ሩብ ምትም ሊሆን ይችላል፣ የትኛው እንደሆነ የምታውቁት በባሩ፣ ኖታው በሚከፈልበት ክፍል፣ ውስጥ ያለውን ምት ቆጥራችሁ ነው። ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ሲመጣ በቀኝ እጅ የላይኛው ድምፅ ብቻ ይጻፍና የቀሩት ወደ ታች በርቀታቸው ይቆጠራሉ፣ በግራ እጅ ደግሞ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እጅ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይጫወታል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም በቃል ይዞ ማጋጠም ነው። መድረክ ላይ ወረቀት ያላያችሁት ለዚህ ነው።

በቃል መያዙን ያስተማሩኝ ደግሞ የኔታ ናቸው። ልጅ ሆኜ ሐይቁ ዳር ካለው ደብር የቃል ትምህርት ባልገባ ኖሮ አራት ገጽ ቀርቶ አንድ መስመርም አይዘልቅልኝም ነበር። ሰሞኑን ሄጄ «የኔታ፣ አንድ ፈረንሳዊ ፊደልን ኖታ አደረገው» ብላቸው ሳቁብኝ። «የኛዎቹ የዜማ ሊቃውንት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከዜማው ቃል በላይ የዜማ ምልክት የሚሆን ፊደል ሲጽፉ ያንተ ፈረንሳዊ የት ነበር?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ወደ 300 ዓመት ገደማ ይቀድማል።

ቢሆንም ፈረንሳዊውንም አመሰግናለሁ። ሉዊ ብሬል ራሱ ኦርጋንና ቼሎ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 አሠራሩን በመጽሐፍ ሲያሳትም ገና 20 ዓመቱ ነው፣ ከመጽሐፉ ርዕስ ላይም ሙዚቃን ከቃላት እኩል አስገብቶታል። ከእሱ በኋላ አገሩ ሁሉ በየፊናው መጻፍ ጀመረና እ.ኤ.አ. በ1888 ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ተሰብስበው በጋራ መሠረት ላይ ተስማሙ። እነሱ ባይስማሙ ውጭ ያለው ጓደኛዬ የላከልኝን ፋይል ባሕር ዳር ተቀምጬ እንዴት አነበው ነበር? ፋይሉን መላኩ ራሱ ድሮ የቅጂ መብት ጣጣ ነበረበት። ለዐይነ ስውራን በሚነበብ መልክ የተዘጋጁ ሥራዎች እንዲባዙና ድንበር እንዲሻገሩ የሚፈቅደው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት ኖታንም ይጨምራል፣ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2020 ገብታበታለች። የሕግ ሰዎችን አመሰግናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ ይኸው ሆነ።

ያረጀ የግድግዳ ካላንደር ከየቤታችሁ ለቅማችሁ ላመጣችሁልኝ የሰፈር ልጆች ትልቅ ምስጋና አለኝ። ለብሬል እንደሱ የሚመች ወፍራም ወረቀት በዚህ ኑሮ ከየት ይገዛል? ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ኪቦርዱን በባጃጁ ያመላለሰልን ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሀል ላይ መብራት ሲጠፋ እየሮጠ ጄኔሬተሩን ላስነሳው ልጅም እንዲሁ። «ላንተ መብራት ምን ያደርግልሃል?» ያልከኝ ጓደኛዬ፣ እኔስ ይቅርብኝ፣ ኪቦርዱ ግን ይፈልጋል!

እማ፣ ላንቺ ቤት መጥቼ ነው የማመሰግነው፣ ቡናውን አፍይልኝ።

በነገራችን ላይ ኖታዎቹ እኔ ጋ ናቸው። የክረምቱ እርጥበት ነጥቡን ሳያጠፋው መገልበጥ የምትፈልጉ ዐይነ ስውራን ወንድሞችና እህቶች ደውሉልኝና ኑ። ስሌት አለኝ፣ ወረቀቱን ብቻ ያዙ። እህቴም ታነብላችኋለች፣ እሷን ገና አልጠየቅኳትም እንጂ።