ድልድዩ ላይ የቀረን ስድስት የመብራት ምሰሶ ነው

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቷ ትወጣለች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ትይዛለች። ኮቴዋ እንዳይሰማ ነው። ባለፈው ክረምት እዚያው ድልድይ ላይ ስልኳን ሲቀሟት ትከሻዋ ወልቆ ነበር። አሁንም በዝናብ፣ በጭቃ፣ በባዶ እግሯ ትሻገራለች።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከአስፋልቱ ወርዶ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የሚወስደው ነው። ኪዳን የሚሄዱ እናቶች፣ ለሱብሂ የሚወጡ አባቶች፣ የማታ ተማሪዎች ሁሉ ያልፉበታል። የአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች በኮሪደር ልማቱ አምረዋል፣ ሌሊቱ ቀን መስሏል። የእኛ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በ2011 ዓ.ም ያለ ፈቃድ የሚሽከረከር ሞተር ሳይክል ሲታገድ እፎይ ብለን ነበር። ቅሚያው በእግር ቀጠለ።

ለዓመታት በየፊናችን ስንጮህ ኖርን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከናል። መስከረም ላይ እድራችን ሁሉንም በአንድ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበ። የኮሚኒቲ ፖሊሲንግ ኦፊሰሩ፣ የወረዳው ሰላምና ጸጥታ፣ ደንብ አስከባሪዎች፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች መጡ። አንድ ልጅ የሰፈሩን ካርታ በእጁ ሳለልን። ስልክ የተነጠቀበትን፣ የውሃ ቆጣሪ የተፈታበትን፣ ስፖኪዮ የተነቀለበትን ቦታ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አከበብን። ቀዩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሁለት ቦታ ላይ ተከመረ፤ ድልድዩ ላይና ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። እኛ እኮ "ሰፈሩ ተበላሽቷል" ስንል ነበር የኖርነው። ሁለት ቦታ ነው የተበላሸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ደንብ አስከባሪዎች ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የተከመረውን ቆሻሻ አስነሱ። ፖሊስ የሌሊቱን ፓትሮል ሰው ወደሚወጣበት ሰዓት አዛወረ። ወጣቶቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ በየተራ ሮንድ መውጣት ጀመሩ። ከሚያስፈልጉን 14 የሶላር መብራቶች 8ቱ ቆመዋል። ሶላር ያደረግነው መብራት በሄደ ቁጥር መንገዱም አብሮ እንዳይጨልም ነው።

የቀሩት ስድስቱ የድልድዩ ናቸው። መሠረታቸው ኮንክሪት ስለሚፈልግ ወጪያቸው ከፍ ይላል። ገንዘባችን ያለቀውም እዚሁ ላይ ነው።

"መብራት ሌባ ያስቀራል ወይ?" ለሚል ሰው አንድ ነገር ልንገረው። በ2016 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በዕጣ በተመረጡ የመንግሥት መኖሪያ መንደሮች ተጨማሪ መብራት ተተክሎ ነበር። አጥኚዎቹ እንዳሉት ሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ያህል ቀነሰ።

ግን መብራት ብቻውን አይበቃም። በቅሚያና በስርቆት ከተያዙት መካከል የራሳችን ልጆች አሉ፤ እናቶቻቸው አብረውን ቡና የሚጠጡ። ይህ ያመኛል። ርዕሰ መምህርቷ ቅዳሜና እሁድ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሊከፍቱልን ቃል ገብተዋል። ኳስና መረብ ማሟላት የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ የቻላችሁትን አዋጡ። አንድ ሙሉ ምሰሶ የምትችሉ አላችሁ፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የምትችሉም አላችሁ። ሮንድ ለሚወጡት ወጣቶች የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና አንጸባራቂ ሰደርያ ያስፈልጋል። ዋሽንግተንም ዱባይም ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ በዚህ ድልድይ ተሻግራችሁ ነው ትምህርት ቤት የሄዳችሁት። እናቶቻችሁ ዛሬም ይሻገሩበታል።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ገቢና ወጪው በየሳምንቱ እድሩ በር ላይ ይለጠፋል። በግለሰብ ስም የሒሳብ ቁጥር ቢላክላችሁ አትክፈሉ፤ መጀመሪያ ለእድሩ ደውሉ። ሌሊት አጠራጣሪ ነገር ካያችሁም ለብቻችሁ አትጋፈጡ፣ በ991 ለፖሊስ ደውሉ፤ ነጻ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የድልድዩን ጉድጓድ መቆፈር እንጀምራለን። አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ።